እህቴን ያስጠበቃት ዋንጫ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳለ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ «ጎ...ል!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አፍታ ቆይቶ ከጎናችን ካለው ሕንፃ፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ካለው ኳስ ማሳያ ቤት ሌላ ጩኸት ተከተለ። እንደ እኔ አያት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን ከሌላው ትንሽ ይቀድማል። ጎሉ ገና እናንተ ቤት ሳይደርስ ጎረቤት አስቀድሞ ያረዳችኋል ወይም ያበሥራችኋል። ማን እንዳገባ አላወቅሁም፤ ኳስ ማየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ግን አባቴ እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ «ዝም በሉ! የኛ ገና ነው!» እያለ እጁን ወደ መስኮቱ ሲያወናጭፍ ታየኝ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የሆነው ከተማው በሙሉ በሚቆፈርበት ዘመን ነው። የባቡሩ መስመር እየተዘረጋ ከጉርድ ሾላ እስከ አያት መንገዱ በአቧራ ታፍኖ ነበር፤ በየሜዳው ሕንፃ እንደ ክረምት ሣር ይበቅላል። አባቴ ጉርድ ሾላ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ማታ ወደ ሲኤምሲ ቤታችን ሲገባ ከልብሱ የሲሚንቶና የቀለም ሽታ ይመጣል። እናታችን የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት። የአባቴን ሸሚዝ የምትተኩሰው፣ የእኔን ፀጉር የምትሠራው፣ ወላጅ አምጪ ስባል ኮስተር ብላ የምትመጣው እሷ ነበረች። በዚያ ጊዜ እሷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ አባቴ ደግሞ ቀዮቹን ይደግፋል።

ቀዮቹ የእንግሊዝ ቡድን ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ የደጋፊዎቻቸው ቁስል ገና አልሻረም። ድሮ ዋንጫ የለመዱ ነበሩ አሉ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ መስከረም ላይ ያስጨፍራሉ፣ ሚያዝያ ላይ ያስለቅሳሉ። አባቴ ግን «ዘንድሮ የኛ ነው» ሳይል የገባ እንቁጣጣሽ አላስታውስም።

እህቴን የወደዳት ሰው ባቡሩ መስመር ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። የተዋወቁትም እሷ ልትጣላው ሄዳ ነው። የትምህርት ቤቷን በር ቆፍረው ሕፃናቱ መግቢያ ሲያጡ «ኃላፊያችሁ ማነው?» ብላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። እሱ ከውስጥ ብቅ አለ፤ በማግሥቱ ጣውላ አስነጥፎ ሕፃናቱን አንድ በአንድ እጃቸውን ይዞ አሻገረ። ጨዋ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ሲስቅ ያስቃል። አንድ ነውር ብቻ ነበረበት፤ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ከቀዮቹም የባሱ ናቸው። አባቴ «እነሱ ዋንጫ የሚያውቁት በሥዕል ነው» ይላቸው ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋናው ዛሬ ሕንፃ በቆመበት በአያት ሜዳ ላይ ስንዴና ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ አባቴም እንደ ደንቡ «እስቲ ልምከርበት» ብሎ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠራቸው። በሁለተኛው እሑድ እኔና እህቴ ከሳሎኑ በር ኋላ ተለጥፈን እናዳምጣለን።

«ሃይማኖቱን ሰማሁ፣ ሥራውንም ሰማሁ፣ ቤተሰቡንም ሰማሁ» አለ አባቴ። «የማን ደጋፊ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከሦስቱ ወጣት የሆነው «የሰማያዊዎቹ» አለ።

«እንግዲያው አይሆንም። ልጄን ለሰማያዊ አልሰጥም። መጀመሪያ ወደ እኛ ይግባ።»

እንደገና ሳቁ። ከዚያ የአባቴን ፊት አዩና ሳቁ ቆመ። እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው ለሳምንት አልለቀቀኝም። ወጣቱ ሽማግሌ ልጁን አስቀድሞ ጠይቆት ነበር መሰለኝ፣ «ቡድኑን ካልሆነ ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁት» አለ በቀስታ።

አዛውንቱ ስለ ኳስ ምንም አያውቁም፤ ጠብ ማብረድ ግን ያውቃሉ። ዱላቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና «እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ዋንጫ አላቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አላቸው» አለ አባቴ።

«አንድ ነው ወይስ ብዙ?»

«ሦስት አራት ዓይነት አለ።»

«እንግዲህ ምን ያጣላል? ከሁለቱ አስቀድሞ ዋንጫ ያገኘው ያሸንፋል። የተሸነፈው ወደ አሸናፊው ይግባ። ያን ዕለትም የሠርጉ ቀን ይቆረጥ። እስከዚያ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ መጥቶ ይይ፤ አብረው ካላዩ ማን ማንን ያምናል?»

አዛውንቱ ያሰቡት እንደ እርሻ ነው። ያረሰ ያጭዳል፤ ዘንድሮ አንዱ ባይቀናው ሌላው ይቀናዋል፤ ቢበዛ እስከ ፋሲካ ነገሩ ያልቃል። ብድግ ብለው መረቁ፣ ሁሉም አሜን አለ። የተመረቀበት ቃል ደግሞ ተመልሶ አይታጠፍም። ኳስ የሚያውቀው ወጣቱ ሽማግሌ ብቻ አሜን ሲል ድምፁ አልወጣም።

መሐንዲሱ ሲነገረው ሁለት እጁን አናቱ ላይ አደረገ። «ከእነዚህ ከሁለቱ? ሌላ ቡድን ጠፍቶ ነው? በዚህ ዓይነት እኮ ባቡሩ አልቆ ሰው ይሳፈርበታል፣ እኛ አንጋባም!»

ቅዳሜዎቹ እንዲህ ተጀመሩ። አባቴ ነጠላው ሶፋ ላይ፣ መሐንዲሱ ረጅሙ ሶፋ ጫፍ ላይ፣ እህቴ ከኋላቸው የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ቆሎውን ይዤ መሐል ላይ ነኝ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለሚያርፍ መጋረጃው ይዘጋል፤ ብርቱካናማ ጨርቅ ስለነበር ሁላችንም ፊታችን ብርቱካናማ ይሆናል። መጀመሪያ መጀመሪያ አባቴ ልጁን አያናግረውም ነበር፤ ዳኛውን በሚሰድብበት አፉ በአሽሙር ይወጋዋል እንጂ። እየቆየ ግን «ይሄን ልጅ ለምን ሸጡት ትላለህ?» ማለት ጀመረ። ልጁም «ጋሼ፣ እርስዎ አሠልጣኝ ቢሆኑ ይሻል ነበር» ይለዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስታውን ለመደበቅ ቆሎ ይዘግናል።

መብራት ሲጠፋ ሰፈራችን ወዳለ ኳስ ማሳያ ቤት እንሮጣለን። በክረምት መውጫ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ የጨዋታው ድምፅ አይሰማም፤ እርጥብ ጃኬትና ላብ ይሸታል። በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል እህቴ ብድግ ብላ «ኦፍሳይድ አይደለም! ተከላካዩ እግሩን ጥሏል!» ብላ ስትጮህ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ተመለከታት። ኳስ ክብ መሆኑን እንኳ የማታውቅ ሰው ነበረች እኮ። ከሁለቱ አንዱ ዋንጫ ይብላ እንጂ ማንም ይሁን ለእሷ ግድ የላትም። ቀዮቹ ሲጫወቱ ለቀዮቹ ትጸልያለች፣ ሰማያዊዎቹ ሲጫወቱ ለሰማያዊዎቹ። ሁለቱ እርስ በርስ የተጋጠሙ ዕለት ምን ብላ እንደምትጸልይ ግራ ገብቷት ኩሽና ገብታ ሰሐን አጠበች።

ሰፈሩም ነገሩን ሰማ። አባቴ ሱቅ ምስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ «እህ፣ ማን ይቀድማል?» ሳይል አይወጣም። ቀለም ቀቢዎቹ ቀዮቹ አሉ፤ ብረት ሠራተኞቹ አዲስ አጥቂ ስለገዙ ሰማያዊዎቹ አሉ። ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት የወሎ ሰው ግን አንድ ቀን መንገዱን ተሻግረው መጡና «ወላሂ፣ ሁለቱም አይቀድሙም። ይልቅ ልጅቷን ዳራት» አሉት። አባቴ ሳቀ። ወዲያው ምስማር ወደ መመዘኑ ተመለሰ።

ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተደገመ። እህቴ ለጓደኞቿ ሚዜ ሆና ሆና ቁም ሣጥኗ በሚዜ ልብስ ሞላ። አንድ ቅዳሜ ቀዮቹ በገዛ ሜዳቸው ሲሸነፉ ከኋላችን በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «አባባ ቃሉን ይጠፍ አልልም። ግን እነዚህ ሰዎች ልምምድ የሚባል አያውቁም እንዴ?» አለች። መሐንዲሱ ሳይስቅ አንገቱን ደፋ። እኔም አልሳቅሁም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት ቀዮቹ ግማሽ ፍጻሜ የተጫወቱ ዕለት ነው። ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። እህቴ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። መቺው ኳሱን ወደ ሰማይ ላከው፤ አለቀ። መሐንዲሱ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ስለነበር ሌላው ያልሰማውን ሰማሁ፤ በረጅሙ ተነፈሰና «ተመስገን» አለ።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። አባቴ ዕቃ ሲያነሣሣ ጠብቄ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «አባባ፣ እንዲሸነፉ ነው እንዴ የምትፈልገው?»

ሊቆጣኝ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺም ትምህርትሽን ስትጨርሺ ትሄጃለሽ» አለኝ። «እሷ ከሄደች ማታ በሩን ስከፍት ማነው ‹አባባ መጣህ?› የሚለኝ?» ይህን ብሎ መኝታ ቤቱ ገባ። ንዴቴ እንደ በረዶ ሟሟ። አባቴ ልጁን አይጠላውም ነበር፤ እንዲያውም ይወደዋል። ዋንጫ የማይነኩ ሁለት ቡድኖች ፊቱ ሲቀርቡለት እግዜር የላካቸው መስለውት ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም። ለእህቴ እንዳልነግራት እሱ ይታየኛል፣ ዝም እንዳልል የእሷ እንባ። ዝም አልኩ። አባቴ ካረፈ በኋላ ያን ነጠላ ሶፋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲቀመጥበት ዛሬም ቅር ይለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ግን የማይሆነው ሆነ፤ ቀዮቹ ለፍጻሜ ደረሱ። አዛውንቱ «ፍርዴን ዓይኔ እያየ ይለቅ» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸውና «የኛ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዛሬ ቀዩ ነው አባቴ፣ ሁላችንም» አላቸው መሐንዲሱ። ቢያሸንፉ ዕድሜ ልኩን የወደደውን ቡድን ሊተው ነው፤ ግን እህቴን አይቶ ነው እንዲህ ያለው።

ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ደቂቃው ሊያልቅ ደረሰ። ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ሳለ ከጎረቤት «ጎ...ል!» ተባለ። የማን እንደሆነ አናውቅም። ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። አባቴ «ዝም በሉ፣ የኛ ገና ነው» አለ፤ በዚያን ቀን ግን ሲለምን ነበር እንጂ ሲቆጣ አልነበረም። ኳሱ ወደ ግራ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ቀይ የለበሰ አንድ ቀጭን ልጅ በግንባሩ ነካው።

እህቴ ጮኸች። መሐንዲሱ አዛውንቱን ከነወንበራቸው አነሣቸው። ሰፈሩ በሙሉ በፉጨትና በጥሩምባ ተናወጠ። አባቴ ግን ተቀምጦ ቀረ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ሁሉም የደስታ መሰላቸው። አዛውንቱ «አለቀ! ልጁ ይልበስ!» ብለው አዘዙ፤ የአባቴ ቀይ ማሊያ መጣና መሐንዲሱ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አጠለቀው። ቀና ስል አባቴ የለም። በረንዳ ላይ አገኘሁት።

«ስንት ዓመት ጠበቅኋቸው» አለኝ ሳያየኝ። «ለአንድ ዓመት ቢታገሡኝ ምን ነበረበት?»

እጁን ያዝኩት። ሲሚንቶ ያሻከረው መዳፉ ቀዝቅዞ ነበር። ፊቱን በመሐረቡ ጠረገና ወደ ሳሎን ተመልሶ ልጁ ፊት ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየው።

«አውልቅ ልጄ» አለው። ልጄ ያለው ያን ዕለት ነው። «አያምርብህም።»

አዛውንቱ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እንዴት? ተመርቆ! አሜን ተብሎ!»

«ምርቃቱ ለጋብቻው ይሁን። ቀኑን ዛሬውኑ እንቁረጥ፤ ቃሌን አላጥፍም። ቡድኑን ግን ይተዉለት። ሰማያዊዎቹስ ሰው አያስፈልጋቸውም? ገና እኮ አላሸነፉም» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። «እነሱም እስኪያሸንፉ ድረስ እንደ ልማዳችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ እየመጣችሁ እናያለን።»

እህቴ መሐንዲሱን አየችው፣ ቀጥላ አባቴን። ምን እንደገባት ከፊቷ ታወቀኝ።

«አባባ» አለችው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ሰማያዊዎቹ እኮ ምንም ተስፋ የላቸውም። ዕድሜ ልካችንን ልንመላለስ ነው።»

«አውቃለሁ» አላት አባቴ።