መትረየሷ

ባልደረባዬን መሥሪያ ቤት «ጆሮ» ነበር የምንለው። ማዳመጫውን ደፍቶ የጦር ቀጠናውን ስልኮች እየሰማ በእርሳስ ይጽፋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እተይባለሁ። አንዴ ሳል ብቻ ሰምቶ «ይሄ አዛዣቸው ነው» አለ። ድሮኑ አዛዡን መታው፤ ሰባት ወር የተዘጋው መንገድ ተከፈተ፤ መድኃኒት አለፈ። ይህን አልክድም።

ሚስቱ ወሬ አያልቅባትም። ምሳ ሰዓት ስትደውል ስልኩን ከጆሮው አርቆ፣ «መትረየሷ ተነሣች!» ይለናል። እንስቃለን። እሷም ታውቃለች፤ ከእኛ በላይ ትስቃለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከመንደራቸው ሲደውሉ ሰማ፦ «መትረየሷ ነገ እኔ ቤት ትገባለች። ሁላችሁም ኑ።» ጆሮ ጻፈው። እኔም ተየብኩት።

አለቃችን መጥተው፣ «እርግጠኛ ነህ?» አሉት።

«በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ጌታዬ።»

ድሮኑ አልሳተም። ያልነውን ቤት መታ። በማግስቱ ጆሮ ለቅሶውን በማዳመጫው ሰማው። አንድ ሰው «መትረየስ፣ እህቴ!» እያለ ያነባል። አፏ ፈጣን ስለሆነ መንደሩ ያወጣላት ስም ነበር። የተጣሉ ወንድሞቿን ልታስታርቅ መጥታ ነው። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ሰው አለቀ፤ የሚያለቅሰው አርፍዶ የተረፈው ታናሽየው ነው።

ያ መንደር የተቀበረ ፈንጂ ሲያይ ለእኛ ይጠቁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ያለ የለም። በወሩ ስልሳ ጎረምሳ ጫካ ገባ፤ ለድርድር የተነሡት ሽማግሌዎች ከመንገድ ተመለሱ። በአዛዡ ሞት የተከፈተው መንገድም ተመልሶ ተዘጋ። ስልኩ ሁሉ ዝም አለ፤ ጆሮ ማዳመጫውን እንደደፋ ውሎ ባዶ ወረቀት ይዞ ይነሣል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ግን ከጣቴ ነው የወጣው። በዚያ ቃል በየቀኑ ስስቅ የኖርኩ ሰው ስተይበው አንዴ እንኳ እጄ አልቆመም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው እሑድ እነ ጆሮ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሚስቱ ወንበር ሰጥታኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ምን በድዬው ነው? ድሮ መትረየስ ይለኝ ነበር። አሁን ትንሽ ካወራሁ ፊቱን ያዞራል። አፌ አስጠላው እንዴ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጆሮ ሰምቷታል። የሥራ ምስጢር ነውና ለእሷ አንድም ቃል ነግሯት አያውቅም። ፊቱን እንዳዞረ፣

«የሰው ስም ነው» አላት።

«የእኔ ነዋ!» ብላ ሳቀች፣ እንደ ድሮው እንድንስቅላት።

ሁለታችንም አቀረቀርን።