አባቴን ሩዝ ያስበላችው ሴትዮ

አባቴ ሩዝ አይበላም ነበር። ለእሱ ሩዝ ሆስፒታል የተኛ ሰው ምግብ ነው። እናቴ በሕይወት እያለች አንዳንዴ ለለውጥ ብላ ስትሠራ፣ ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ማን ታሟል?» ይላት ነበር። ስለዚህ የእናቴ የእድር ጓደኛ የነበሩ አሮጊት፣ አባቴ በየእሁዱ ጋርመንት እየሄደ ሩዝ እንደሚበላ ሲነግሩኝ መጀመሪያ ሳቅኩ።

«እኔ የሰው ቤት ነገር አላወራም ልጄ» አሉኝ፣ መካኒሳ አትክልት ቤት በር ላይ ክንዴን ይዘው። «ግን አባትሽ አንዲት ሴትዮ ጋ ነው የሚውለው። ከውጭ የመጣች ናት። የስፔን ሩዝ ነው አሉ የምትሸጠው። ባልም ልጅም የላት።» የመጨረሻዋን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

ሳቄ ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አባቴ መካኒሳ ያለው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። እኔ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሙዝ በፌስታል ይዞ ይመጣና ከእኛ ጋር ምሳ ይበላ ነበር። ከዚያ አንድ እሁድ ጉንፋን ይዞኛል አለ። በሁለተኛው የእድር ስብሰባ አለብኝ አለ። በሦስተኛው ምክንያት መስጠቱንም ተወው። አሮጊቷን ስለ ስብሰባው ስጠይቃቸው፣ «የምን ስብሰባ?» አሉኝ።

የምሠራው ሰዎች ውል በሚፈራረሙበት መሥሪያ ቤት ነው። ሽማግሌዎች በሚንቀጠቀጥ ጣት ቤታቸውን በስጦታ ለሌላ ሰው ሲያዞሩ አያለሁ። ከጎናቸው ብዙ ጊዜ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። ወንበር ይስብላቸዋል፣ ውሃ ያቀርብላቸዋል፣ «እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት» እያለ በጣቱ ያሳያቸዋል። ፈቅደው መሆኑን እኔ እጠይቃለሁ። ሁሉም ፈቅደናል ይላሉ። ከወራት በኋላ ልጆቻቸው ኮፒ ለማውጣት እያለቀሱ ይመጣሉ። ይህን በየቀኑ የምታይ ሴት አባቷ ድንገት ሰማያዊ ሸሚዝ ገዝቶ ስታይ ደስ አይላትም።

ሸሚዙ ብቻ አልነበረም። ኮቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። የግራ አውራ ጣቱ ተቃጥሎ በጨርቅ ጠቅልሎታል፤ ምን ነካህ ስለው «ብረት» ብሎ ወሬ ቀየረ። የእጅጌው ጫፍ ላይ በሳሙና የማይለቅ ቢጫ ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፂሙን መላጨት ጀምሯል።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሲሄድ ጠብቄ በራሴ ቁልፍ ቤቱ ገባሁ። አልጋው ስር የብረት ሳጥን አለችው፤ እሱ ራሱ ጡረታ ሳይወጣ፣ ላሜራ ሠራተኛ ሳለ በእጁ ቀጥቅጦ የሠራት። የእናቴ ፎቶ፣ የእድር ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት አለ። የቤቱ ካርታ የለም። ሳጥኗን ሁለት ጊዜ ባዶ አደረግኳት፤ ከስሯ በሁለት ጎኑ ጆሮ ያለው ትልቅ ክብ በእርሳስ የተሳለበት ወረቀት ወጣ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። መልሼ ከተትኩት።

ፀጉሩን ተስተካክሎ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ የቤቱ ወረቀት በደህና ቦታ ነው አይደል?» አልኩት፣ እንደ ዘበት።

«የት ይሄዳል?» አለኝና ወደ ውስጥ ገባ።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ለባሌ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ አልኩትና የጋርመንት ታክሲ ያዝኩ።

ቦታው ከአደባባዩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከዕቃ ቤቶቹ ጀርባ ያለ ግቢ ነው። አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል፦ «የስፔን ሩዝ። እሁድ ብቻ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ።» ስም የለውም። ስም የሌለው ቤት ራሱ አላማረኝም። ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ከስሩ አምስት ጠረጴዛ አለ፤ ሁሉም ላይ ሰው አለ። ግቢው ጥግ ላይ እንጨት ይነድዳል። እሳቱ ላይ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ብረት ድስት ተጥዷል። ከእሳቱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ እንጨቱን የሚገፋው አባቴ ነው። በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ የማያውቀው አባቴ።

ቀና ሲል አየኝ። «መጣሽ?» አለ እንጂ አልደነገጠም። አለመደንገጡንም ጠረጠርኩት።

ሴትዮዋ ከወደ ማድቤቱ ወጣች። ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ሽበቷን በሻሽ ያሰረች፣ በቀላሉ የማትስቅ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ናት?» አለች። ጋሼ ማለቷን፣ አንቱታዋን ሁሉ ልብ አልኩ። እንዲህ ነው የሚጀመረው አልኩ በልቤ።

አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ድስቱ ወደ መብሰሉ ተቃርቦ ጠርዙ ላይ ይንጣጣል።

«ሥጋው የምን ነው?» አልኳት።

«ዶሮ።»

«ዶሮ ብቻ?»

«በአገሩ ጥንቸል ይገባበታል። ቀንድ አውጣ የሚጨምሩም አሉ።» ፊቴን አየች። «እዚህ ማን ይበላልኛል? ዶሮ ነው። ፎሶሊያ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ የጥብስ ቅጠል። ሩዙ የፎገራ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ መረቁን ይጠጣል።»

«ቢጫው እርድ ነው?»

«ሳፍሮን የሚባል ቅመም ነው። ቀዩን ክር እዪው።»

ክሩን አየሁት። አላመንኩም። አንድ ጎረምሳ ደንበኛ ማንኪያ ይዞ ሊያማስል ጠጋ ሲል ሴትዮዋ ከሩቅ ጮኸች፦ «ሩዝ ከገባ በኋላ የነካው ሰው ከግቢዬ ይወጣል!» ሰዉ ሳቀ። ድስቱ ከእሳት ወርዶ በጨርቅ ተሸፍኖ ትንሽ አረፈ። ለደንበኞቹ በሳህን ተቀንሶ ቀረበላቸው፤ የቀረው ከነድስቱ እሳቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ለእኛ ሳህን የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ካለው ጎን እየጀመረ በማንኪያ ወደ መሃል ይበላል። ሴትዮዋም አብራን ስለተቀመጠች ሦስት ነበርን። አጥንቱን አገላብጬ አየሁ፤ የዶሮ ጭን ነው።

«ፓኤያ ነው የሚባለው» አለችኝ። «ይህን ፓኤያ የሠሩት እኮ አባትሽ ናቸው።»

ማብሰሉንም እሱ ጀምሯል ማለት ነው አልኩ፤ ጭራሽ አባቴን የወጥ ቤት ሠራተኛ አድርጋዋለች። እሱ ደግሞ በማንኪያው ስሩን ፍቆ፣ ቡናማ ሆኖ የያዘውን ቅርፊት ወደኔ ገፋ። «ከታች ያለውን ቅመሺ፤ ዋናው እሱ ነው» አለኝ፣ በሩዝ ያደገ ይመስል። ቀመስኩት። ጨው ጨው፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ጥርስ ስር የሚሰበር ነገር ነው። ጣፈጠኝ፤ መጣፈጡም አናደደኝ። በአባቴ ማንኪያና በሷ ማንኪያ መካከል ያለው ሩዝ እየጠበበ ሲሄድ አየሁ።

ድስቱን ይዛ ስትነሳ ተከትያት ማድቤት ገባሁ።

«የአባቴ ካርታ የት ነው?» አልኳት።

«የምን ካርታ?»

«የቤቱ። ሳጥኑ ውስጥ የለም። እኔ የምሠራበትን ቦታ ቢያውቁ ኖሮ ይህን ነገር ባልሞከሩት ነበር።»

ድስቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እዚያ አገር አስራ ስድስት ዓመት አንድ ሽማግሌ አስታምሜአለሁ» አለችኝ። «ይህን ሩዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ። ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እሁድ እሁድ ስትመጣ አባቷን ከመሳሟ በፊት የኔን ቦርሳ ነበር የምትፈትሸው። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ። አንድም ቀን ምንም አላገኘችም፤ አንድም ቀን ግን አልተወችም።» ከሚስማር ላይ ቦርሳዋን አወረደችና ፊቴ አስቀመጠችው። «በይ። ለምጄዋለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ግን ከፈትኩት። ይህን ስጽፍ እንኳን እጄ ያፍራል። መነጽር፣ የጉልበት መድኃኒት፣ መሐረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ ግማሽ ሎሚ። ጎን ኪሱን ዚፕ ስከፍት በሩ ላይ ጥላ አየሁ። አባቴ ቆሟል።

«ካርታው አንቺ ጋ ነው» አለኝ። ድምፁ ደርቋል። «እናትሽ የሞተች ጊዜ ለወራሽነቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይዘሽው ሄድሽ። አልመለስሽውም። እኔም አልጠየቅኩሽ።»

አላመንኩትም። ሴትዮዋ አስጠንታዋለች ብዬ፣ ደህና ሁኑ ሳልል ወጣሁ። ቤት ደርሼ ቁም ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ከልጆቼ የክትባት ካርድ ጋር በቢጫ ፖስታ ውስጥ፣ እንደታጠፈ አገኘሁት። ባሌ «ለቅሶው እንዴት ነበር?» ብሎ ገባ። አልጋ ላይ ካርታውን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሁሉንም ነገርኩት። ፖስታውን ከአልጋው ላይ አንሥቶ ሰጠኝና ወጣ።

ካርታውን በማግስቱ ለአባቴ ወሰድኩለት። ከበር አላስገባኝም። ተቀበለኝና «የፈተሽሽው እኔን አይደለም፤ ይቅርታሽን ለሷ ውሰጂ» አለ። ከዚያ በኋላ ስደውል ደህና ነኝ ይልና ይዘጋዋል። እንዲህ ሦስት ሳምንት ሄደ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ጋርመንት ሄድኩ። ሴትዮዋ ሸራው ስር ብቻዋን ተቀምጣ ቦሎቄ ትለቅማለች። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። አንገቷን ሳታቀና አዳመጠችኝ።

«ሰምቻለሁ» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እስካሁንም አላለችም። ከዚያ በእግሯ በርጩማ ገፋችልኝ።

ነገሩን ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ፓኤያ የምግቡም የድስቱም ስም ነው። ስትመለስ ድስቱን ማምጣት አልቻለችም፤ በእርሳስ የሳለችውን ስዕል ይዛ የመካኒሳን ብረታ ብረት ቤቶች ዞረች። ሁሉም የተዘጋጀ መጥበሻ ግዢ አሏት። አንደኛው ቤት በር ላይ ከድሮ የሥራ ጓደኛው ጋር ተቀምጦ የሚያወራ አንድ ሽማግሌ ብቻ ስዕሉን ተቀበላትና «ውፍረቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ጠየቃት። ያ አባቴ ነው። ሦስት ጊዜ ሠራው። የመጀመሪያው እሳት ሲነካው ተጣመመ። ሁለተኛው መሃሉ ጎድጉዶ ዘይቱን አንድ ቦታ አጠራቀመ፤ አውራ ጣቱን ያቃጠለውም ያኔ ነው። ሦስተኛው እኔ የበላሁበት ነው።

«ዋጋውን ስጠይቃቸው ሥራ ስለሰጠሽኝ እኔ ነኝ መክፈል ያለብኝ አሉኝ» አለች። «ልጄ ሁልጊዜ ተቀመጥ ነው የምትለኝ አሉ። እውነት እንደዚያ ትያቸዋለሽ?»

እላለሁ። በየእሁዱ፣ ሳህን ሊያነሳ ብድግ ባለ ቁጥር፣ «አባዬ ተቀመጥ» እለዋለሁ። ለእሱ የማስብ ነበር የሚመስለኝ።

አባቴ ቀስ በቀስ ማናገር ጀመረኝ። ልጆቼንም አንድ እሁድ ወሰድኳቸው፤ ቅርፊቱን ሲሻሙ እሱ ሲስቅ አየሁት። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምንድን ናቸው? እየበላሁ አጠናቸው ነበር። ሲተያዩ ቶሎ ዞር ይላሉ? እሷ ጨው ስትጨምርለት እጃቸው ይነካካል? ምንም የሚያዝ ነገር አላገኘሁም። አለማግኘቴም አላረጋጋኝም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ራሱ ጠራኝ። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል።

«ሴትዮዋን ላገባት እፈልጋለሁ» አለኝ። «ሽማግሌ አልልክም። ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሄደሽ ጠይቂልኝ።»

ሄድኩ። በታክሲው ውስጥ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝና እንዲሁ አፈረጥኩት። ሴትዮዋ ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ዐይኗን ጠረገች።

«አባትሽ ጥሩ ሰው ናቸው» አለች። «ግን እኔ ዕድሜዬን ሽማግሌ ሳነሳና ሳስተኛ ነው የጨረስኩት። አንድ ቀን ይወድቃሉ፤ ማንሳቱ የኔ ይሆናል። አልችልም ልጄ። ጉልበቴም አይችልም፣ ሆዴም አይችልም። እሁድ እሁድ ይምጡ።»

ቤቱን ልትወስድ ነው ብዬ የጠረጠርኳት ሴት ቤቱንም ባለቤቱንም አልፈልግም አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። አባቴ ምን ይጎድለዋል? ሌላ ሰው ቢኖራት ነው አልኩ፤ ስወጣ ደጃፏ ላይ የወንድ ጫማ እንዳለ ዐይኔ ፈለገ። የነበረው አባቴ ለእሳቱ የሚጠቀምበት የቆዳ ጓንት ብቻ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ስመለስ አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት፤ ስለ መውደቁ ያለችውንም። የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለ። ጎረቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ይሰማል።

«ሩዙንም ነው የከለከለችኝ?» አለ።

«አይ። እሁድ ይምጡ ብላለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ተከተልኩት። ግድግዳው ስር የተከመረ ደረቅ የግራር ግንድ ነበረ። መጥረቢያውን አነሣና ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረው። «ተቀመጥ» ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«ያንን ጫፉን ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩለት። ለነገው ሩዝ የሚሆነውን እንጨት መፍለጥ ጀመረ።