ጠያቂ የበዛበት ስልክ

ሕመሜ መጀመሪያ የታወቀኝ በመርፌ ነው። ወላይታ ሶዶ ገበያ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርምና የበዓል ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ወሬ እያወራሁ የማደርገው ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ክሩ አልገባ አለኝ። ዓይኔ ደከመ ብዬ መነጽር ገዛሁ። ዓይኔ አልነበረም፤ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር፤ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየተከልኩ ዳገት እንደወጣ ሰው አለከልካለሁ። ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔ በር ከፍቼ ላቤን እጠርጋለሁ። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ደንበኞቼ ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወይ ሞኝነት!

ባለቤቴ መምህር ነው፤ ነገር ማጓተት አይወድም። ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ አንገቴን ዳሰሰ፣ ውሃ ዋጥ እንዳደርግ አዘዘኝ፣ የዘረጋሁት እጄ ላይ ወረቀት አስቀምጦ መንቀጥቀጡን አየ፣ ደም አስመረመረ። ሃይፐርታይሮይዲዝም ነው አለን። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ ያለፈ ሆርሞን ሲያመነጭ የሚመጣ ነው፤ ሰዉ መርዛማ እንቅርት ይለዋል። ሆርሞኑን የሚቀንስ ፒቲዩ የሚባል ኪኒንና የልብ ምት የሚያረጋጋ ፕሮፕራኖሎል አዘዘልኝ። ልንወጣ ስንል መልሶ ጠራንና፣ "ትኩሳት ከያዘዎት ወይም ጉሮሮዎን ካመመዎት ፒቲዩውን ያቁሙ፤ ያኑ ዕለት ይምጡ። ነገ አይበሉ" አለኝ። ባለቤቴ እንዳንረሳው ብሎ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወዲያ ግሩፑ ያስታውሰዋል ብለን ሁለታችንም ተውነው።

አሁን የአገራችንን ነገር ላስረዳ። እኛ ጋ ሰው ታመመ ከተባለ ይጠየቃል፤ የቀረ ይታዘቡታል። ታማሚም ጠያቂን ከደጅ አይመልስም። ያደግኩት ቤሌ ነው፤ እናቴ ታማ ተኝታ እንኳ የሰው ድምፅ ስትሰማ ሻሿን አስተካክላ ቀና ትል ነበር። የእኔ ስህተት ይህንኑ ወግ ወደ ስልኬ ማስገባቴ ነው። ከቢጠና፣ ከዲምቱ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ መምጣት ያልቻለ ዘመድ ሁሉ ቪዲዮ ይልክልኛል። ለእኔ ቪዲዮው ጥየቃ ነበር። ሳላየው ባልፍ የአክስቴን ልጅ ደጅ አቁሜ በር የዘጋሁባት ይመስለኛል። ስለዚህ ሁሉንም አየሁ፣ የድምፅ መልእክቱን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ፣ ለእያንዳንዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ መለስኩ።

አንዱ ጎመን እንዳትነኪ ይላል። ሌላው ጎመን ብቻ ብዪ ይላል። ካሳቫ ያባብሳል የሚል መጣ፣ ስኳር ድንች ተከተለ፣ የቃሪያ ማባያችን ዳጣም ከገበታ ተነሳ። ወላይታ ተቀምጦ ይህን ሁሉ የተከለከለ ሰው ምን ይበላል? ባለቤቴ "እንግዲህ ለመብላት የቀረሽ ወንበሩ ነው" ብሎ ቀለደብኝ። አልሳቅኩም። ቲክቶክ ደግሞ አንዴ ካየሁለት በኋላ ከእንቅርት ሌላ አላሳይም አለ፤ ዓይናቸው የፈጠጠ ሴቶች፣ አንገታቸው የተሰፋ ሴቶች፣ መድኃኒቱ ጨረሰኝ እያለች የምታለቅስ አንዲት ሴት። ፌስቡክ ላይ የታማሚዎች ግሩፕ ገባሁ፤ ደግ ሰዎች ነበሩበት፣ ግን የእያንዳንዱን ሕመም በራሴ ላይ እየፈለግኩ እውል ጀመር። ስልኩ ጢን ባለ ቁጥር ልቤ ትዘላለች። ከእንቅርቱ ይሁን ከስልኩ መለየት አቃተኝ። የሰው ቀሚስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ተከመረ፤ ከራሴም ከሰውም ጋር ተጣላሁ።

ከዚያ ባለቤቴ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄደ።

ጉሮሮዬን አመመኝ። ብርድ ብርድ አለኝ። ስልኬን አንስቼ የቤተሰቡን ግሩፕ ጠየቅኩ። ዝንጅብል አለች አንዷ። ነጭ ሽንኩርት በማር አለ ሌላው። ቶንሲል ነው አሉ። የሰው ዓይን ነው አሉ። ጸሎት ላኩልኝ። አንድ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው "መድኃኒታችሁን በምንም ምክንያት እንዳታቋርጡ" የሚልበትን ቪዲዮ ላከ። ፒቲዩውን ዋጥኩ። በማግስቱም ዋጥኩ። ምራቄ አልወርድ አለኝ። የሐኪሙ ቃል እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበረ፤ ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ በላይ፣ ከስንትና ስንት ቪዲዮ በላይ። ወደ ላይ ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም፤ ባለቤቴም ሥልጠና ላይ ሆኖ ግሩፑን አልከፈተም። እኔም አላየሁም።

የደረሰችልኝ ከድጃ ናት። ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅና ክር ትሸጣለች፤ ወላጆቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፣ እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ ወላይትኛውን ከእኔ እኩል ታስኬደዋለች። ሱቄ ተዘግቶ ብታይ ቤቴ መጣች፤ ግንባሬን ነካችና እጇን ሰበሰበች።

"ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነበር?" አለችኝ።

የዱባዩ ዘመዴ ያለውን፣ ቪዲዮው ያለውን፣ ግሩፑ ያለውን ነገርኳት።

"እነሱን አልጠየቅኩሽም። ሐኪሙ ምን አለሽ?"

ያን ሁሉ ምክር በቃሌ ይዤ፣ ያከመኝ ሰው ያለኝን አጣሁት። ያን ጊዜ ፈራሁ። ከድጃ ሌላ አልጠየቀችም፤ ባጃጅ ጠራች።

ደም ተወሰደ። ነጭ የደም ሕዋሴ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። አግራኑሎሳይቶሲስ ይባላል። ፒቲዩ ጥቂት ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰውነት ተራ ጀርም እንኳ የሚመልስበት ኃይል ያጣል። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። "አንድ ቀን ቢቆዩ ኖሮ ይሄን ላንነጋገር እንችል ነበር" ብቻ አለኝ። ለብቻዬ ክፍል አስተኙኝ። አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ይገባል። ጠያቂ ተከለከለ። ልጄን እንኳ በመስኮት ነው ያየኋት፤ እጇን ታወዛውዛለች፣ እኔ እጄ አልነሳ ይለኛል። እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ጢን ይላል። መግባት የተከለከለው ሁሉ በዚያ ገባ። አንስቼ ልመልስ ስል ከድጃ ማስክ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

በእኛ ሰፈር በጠና የታመመ ሰው ወይም አራስ ያለበት ቤት በረንዳ ላይ አንድ ሰው ይቀመጣል። ጠያቂ ይቀበላል፣ ተኝታለች ይላል፣ ማን እንደመጣ በኋላ ይነግራል። በረንዳ ድረስ መጥቶ የተመለሰ ሰው ጠይቋል ማለት ነው፤ የሚቀየምም የለም። ከድጃ በነርሷ በኩል ስልኬን አስወጣችና፣ "የዚህም ቤት በረንዳ ሰው ያስፈልገዋል። እኔ እቀመጥበታለሁ" አለችኝ።

ለሁሉም በአማርኛም በወላይትኛም ድምፅ ቀድታ ላከች። ሰላምታችሁ ይደርሳታል፣ ጸሎታችሁም ይደርሳታል፣ መድኃኒቱን ግን ለሐኪሙ ተዉት አለች። የዱባዩ ዘመዴ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ እንዴት እንዳባበለችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። በየምሽቱ በሩ ላይ ቆማ የጠየቁኝን ሰዎች ስም ትጠራልኛለች፤ እገሊት ከቢጠና፣ እገሌ ከዲምቱ፣ ስም ብቻ፣ ቪዲዮ የለ፣ ዝንጅብል የለ። አለቀስኩ። ለካ ያ ሁሉ ሰው ወዶኝ ኖሯል፤ ምክራቸው ስለበዛብኝ ፍቅራቸው አልታይ ብሎኝ ነው።

ሕዋሴ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ሄደ፤ ትኩሳቱም ለቀቀኝ፤ የመጀመሪያውን ሾርባ ያለ ሕመም የዋጥኩ ዕለት ከሐዋሳ የተመለሰው ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ጉሮሮዬን ሲያይ፣ እያንዳንዱን ማንኪያ እሱ የሚውጠው ነበር የሚመስለው። ፒቲዩንም የእሱ ዓይነት ኪኒኖችንም ዳግመኛ መውሰድ ስለማልችል ፕሮፕራኖሎልና ሉጎል የሚባል የአዮዲን ጠብታ እየወሰድኩ ለኦፕራሲዮን ተዘጋጀሁና ዕጢው ወጣልኝ፤ ታይሮይዴክቶሚ ይሉታል። አሁን ሌቮታይሮክሲን የሚባል ትንሽ ኪኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እወስዳለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እወስዳለሁ፣ ምንም አይደል። ስለ ምግቡ ሐኪሙን ስጠይቀው ጎመኑንም ስኳር ድንቹንም እንደ ሰው ይብሉ፣ ካሳቫው ብቻ በደንብ ይብሰል ብሎ አሰናበተኝ፤ ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ለስንት ወር የተጠማሁትን ዳጣ እያሰብኩ ነበር የመጣሁት።

ስልኬን ስቀበል ቀን ሙሉ ዝም ማለቱ ከበደኝ፤ ብቸኝነቱ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ከብዙዎቹ ግሩፖች ወጣሁ፣ የቤተሰቡን ግሩፕ ድምፅ አጠፋሁ፤ ሰላም ልበላቸው ብዬ ራሴ ስፈልግ እገባለሁ። ባለቤቴ ሐኪሙ ስለ አዲሱ ኪኒን ያዘዘውን ግሩፕ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ መድኃኒቱ ካለበት መደርደሪያ ላይ ለጠፈው። አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ሲያስጨንቀኝ ለቀጠሮዬ ቀን አቆየዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ ሳይደርስ ጭንቀቱ ራሱ ይረሳኛል።

ፈጣሪ ይመስገን፤ ያከሙኝ እጆች ይባረኩ፤ ከድጃ ደግሞ ልጆቿ ይደጉላት። እናንተ በሽታችሁን ስልካችሁ ላይ የምትፈልጉ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አልፈርድባችሁም፤ የፈራ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ግን ከሚወዷችሁ መሃል አንድ ሰው በረንዳችሁ ላይ አስቀምጡ፤ የሚያክማችሁ ሰው ያላችሁን ደግሞ በሌላ ሰው ቃል አትሸፍኑት። ይህም ጽሑፍ ቢሆን ከሚደርሷችሁ መልእክቶች አንዱ ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፒቲዩ እየወሰድሽ ጉሮሮሽን ያመመሽ፣ ትኩሳት የያዘሽ እህቴ እዚህ ድረስ አንብበሽ ከሆነ ግን በቃሽ፤ ስልኩን አስቀምጪና አሁኑኑ ተነሽ፣ ሂጂ።