ነፋስ የወሰደው ጣሪያ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለች ትንሽ ከተማ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ሞባይል ገና ሳይደርሰን፣ በሐምሌ ወር፣ አንድ ዓርብ ቀን ነፋስ በበረዶ ታጅቦ መጣ። በረዶው የአህያ ጭንቅላት ያህል ነበር ብል የሚያምነኝ ስለሌለ፣ የበግ ጭንቅላት ያህል ነበር እላለሁ። ነፋሱ የጎረቤቴን የአንዲት ባልቴት ጣሪያ ገሽልጦ ቆርቆሮውን በሰፈሩ በተነው። እስከ መኸር የሚያደርሳቸው በቆሎ በአሮጌ ላስቲክ ተሸፍኖ ቀረ። ሌላ ብርቱ ዝናብ ከጣለበት በስብሶ ማለቁ ነው።

ሰዉ ቆርቆሮውን ለቃቀመው። ዘረፍሁ ያለ የለም፤ ሁሉም "አነሣሁ" ነው የሚለው። እኔም ሁለት አንሥቼ ከኩሽናዬ ጀርባ አቆምሁ። ለጥንቃቄ ነው፤ ነፋሱ ተመልሶ እንዳይወስደው።

ቅዳሜ ጧት ሴትዮዋ መጥተው ለፖሊስ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉኝ። ጻፍሁ። ዘራፊዎቹን እንዲያ አድርጌ ስለወረፍኋቸው፣ መልሼ ሳነብበው እኔኑ ላብ አጠመቀኝ። ይዘን ስንሄድ የከተማዋ አራቱም ፖሊሶች ነፋስ የገለጠውን የማዳበሪያ መጋዘን ከበው ቆመዋል። አዛዡ እስከ መጨረሻው አነበበና መጀመሪያ ጽሕፈቴን አደነቀ።

"እናቴ፣ ማዳበሪያው የመንግሥት ነው። እሱ መልክ ይያዝና የእርስዎን እናየዋለን።"

ሴትዮዋ ከዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ቆርቆሮውን ያነሣውንም፣ አይቶ ዝም ያለውንም ገዘቱ። ቤቴ የደረስሁት እየሮጥሁ ነው። ቆርቆሮዬን፣ ማለቴ ቆርቆሯቸውን፣ ተሸክሜ ስወጣ መንገዱ ታቦት የወጣበት ቀን መስሏል፤ ልዩነቱ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ መሸከሙና ማንም ማንንም ሰላም አለማለቱ ነው። ከሴትዮዋ በር ስደርስ ከፊቴ የተሰለፉት አዛዡና ሦስቱ ፖሊሶች ናቸው። ለካ የቆርቆሮው እኩሌታ የመንግሥቱን ማዳበሪያ አልብሶ ኖሯል። ደመናው ወርዷል፤ መጋዘኑ ዘንድ አንድ ጠባቂ የለም።

ሴትዮዋ ከአዛዡ ተቀብለው ከግድግዳው አስደገፉ። የእኔን ሁለቱን ሲቀበሉ ግን ትንሽ አዩኝ።

"መምህር፣ ጽሕፈትህን አይተናል። አሁን ደግሞ መዶሻ አያያዝህን እንይ።"

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። የመጨረሻውን ሚስማር ስመታ ዝናቡ መጋዘኑ ላይ ደርሷል። አዛዡም እያየው ነው፤ ከታች መሰላሉን ይዞልኝ ስለነበር ግን ሊሄድ አልቻለም።