እርማት የሌለበት ወረቀት

ቅዳሜ ጠዋት ከሀና ማርያም ተነሥቼ ላፍቶ ስደርስ፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ የቀኑን ሥራ የጨረሰ ያህል ይደክማል። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ከወረድኩ በኋላ ደግሞ አራት ፎቅ እወጣለሁ። ሕንፃው ሊፍት አለው፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም። በየወለሉ ቆሜ ስተነፍስ በአጠገቤ የሚያልፉ ልጆች ደብተሬን ሊይዙልኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ደብተር መያዝ አላቃተኝም፤ ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ ግን እሰጣቸዋለሁ።

አራተኛው ፎቅ ላይ የቆዩ የመድረክ ኮሜዲዎችን እናጠናለን። ኮርሱ የስድስት ወር ነው። በሌላ አገር ከብዙ ዘመን በፊት የተጻፉ፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ ተውኔቶችን ጮክ ብለን እናነባለን። ከዚያ ተመልካቹ የት ላይ እንደሚስቅና ለምን እንደሚስቅ ጽፈን እንሰጣለን። ከእኔ በቀር ሁሉም ወጣቶች ናቸው። መምህሩ ራሱ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል።

ስመዘገብ ልጄ፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ኮሜዲ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ቴሌቪዥን ላይ አታይውም?» አለችኝ።

«የሚታይ አላጣሁም» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እናቴ ታመመች፤ ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ። እሷ ካረፈች በኋላ የታይፒስት ሥራ አገኘሁና ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስመታ ኖርኩ። የተማሩ ሰዎች የጻፉትን እየገለበጥኩ አንዳንድ ቀን «ይህን እኔም እችለው ነበር» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደማልችል ይታወቀኛል። እዚያ አራተኛ ፎቅ የምወጣው ይህንኑ ለማወቅ ነው። ሌላ ጊዜ አውቀዋለሁ ብዬ የማቆየው ነገር አይደለም።

በሁለተኛው ወር አንዲት ባለጸጋ ባልቴት ያለችበት ተውኔት ደረሰን። እስከ ሁለተኛው ክፍል ድረስ ተራ በተራ አነበብን። ባልቴቷ ዋናውን ትዕይንት የምትጫወትበት ቦታ ስንደርስ መምህሩ ወረቀቱን አጠፈ።

«ይህን ቤታችሁ አንብቡት፤ ሰዓት የለንም» አለ።

ሰዓት ነበረን። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ወደ እኔ አይተው አንገታቸውን ደፉ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። የባልቴቷን ገንዘብ የፈለገ አንድ ወጣት ሊያጫት ይመጣል። ፊቷ በብርሃን እንዳይታይ ስለፈለገች አገልጋይዋን መጋረጃ እንድትዘጋ ታዛታለች። አገልጋይዋ ቀዳዳ ሳታስቀር ትዘጋዋለች። በጨለማው ወጣቱ ገብቶ ይንበረከክና የካፖርት መስቀያውን እሷ መስሎት ፍቅሩን ይነግረዋል። ባልቴቷ ያለችው ክፍሉ ማዶ ነው። «እዚህ ነኝ» አትለውም። ጫማዋን ታወልቅና በእግር ጣቷ እየሄደች መጥታ ከመስቀያው አጠገብ ትቆማለች።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ባልቴቷ እንደተበደለች፣ ብቸኝነት እንደማያስቅ፣ ደራሲው እንደጨከነባት አስረዳሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬ ሰጠሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ ከሃያ ሃያ ነበር። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የላፍቶ ተወላጅ ናት። የወላጆቿ የእርሻ መሬት ቤት ተሠርቶበት ጥቂት ላሞች ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ እሷም ለደንበኞች ወተት አድርሳ ነው ወደ ክፍል የምትመጣው።

«ማዘር፣ ስንት አገኙ?»

«ሃያ።»

«ከስንት?»

«ከሃያ።»

ወረቀቴን ተቀብላ አራቱንም ገጽ ገለበጠች። «እንዴ፣ አላነበበውም እኮ» አለች። ከዚያ ደነገጠች። «ማለቴ... ጽሑፍዎ ስለሚያምር ነው። የእኔን ይዩት፣ ዶሮ የታረደበት ነው የሚመስለው።»

እውነትም በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። ያገኘችው አሥራ አንድ ነው። ጠርዙ ላይ «ይህን ከየት አመጣሽው?»፣ «አልገባሽም፣ እንደገና አንብቢ» የሚሉ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። እሷ የፈለገችውን ያህል ታማርር፣ ጽሑፏ ተነቧል። የእኔ ሃያ የተሰጠው ለነጠላዬ ነው።

ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። መምህሩን እርስዎ ነው የምለው፤ ልጅ ቢሆንም መምህሬ ነው።

«መምህር፣ ወረቀቴ ላይ እርማት የለም።»

«ስህተት ስለሌለው ነው፣ እማማ።»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳልኩ ይንገሩኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጠመኔ አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ። በዚህ ዕድሜዎ አራት ፎቅ ወጥተው ይመጣሉ። ለእኔ እሱ ብቻውን ሃያ ነው።»

«ደረጃ ለመውጣት አልተመዘገብኩም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እናቴን የሚያህሉ ሰው ምን ብዬ ላርም?»

«እናትዎ ሲሳሳቱ እርስዎ ዝም ይላሉ?»

«ኧረ እሷ ናት እኔን የምታርመኝ።»

«እንግዲያው የዚያችን ልጅ ወረቀት ያረሙበት እስክሪብቶ ካላለቀ፣ በእሱ ይመልከቱልኝ» ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መለሰልኝ። ሃያው ተሰርዞ ዘጠኝ ሆኗል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ለባልቴቷ እንደ ዘመድ ተከራክረውላታል። ትንተና ግን የለም። በአራት ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ኮሜዲ መሆኑን ረስተውታል።»

አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ ሆኖም ፊቴ እስከ ቤቴ ድረስ እንደሞቀ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ደብተሬን አልነካሁትም። ጥያቄዬ ተመልሷል፣ አልችልም ነበር፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት መተኛት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። እንቅልፉ የሚጠላ አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትዕይንቱን እንደገና አወጣሁት። የሚያሳፍረኝ ነገር ነበር፤ አሁን ብጽፈው ይሻላል። መጀመሪያ ቀን ሳነበው ስቄያለሁ። ባልቴቷ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ብቻዬን በተቀመጥኩበት፣ መነጽሬን እስካወልቅ ድረስ ነው የሳቅኩት። ከዚያ እኩያዬ መሆኗ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አራቱን ገጽ የጻፍኩት ያንን ሳቅ ለመደበቅ ነበር። መምህሩ ትዕይንቱን ለእኔ ብሎ ዘለለው፤ እኔም ለራሴ ዘለልኩት።

ስለዚህ ከሳቁ ጀመርኩ። ለምን ሳቅኩ? ስላረጀች ነው እንዳልል ከዚያ በፊት ባለው ገጽም አርጅታ ነበር፤ አልሳቅኩም። ባለችበት ብትቆም ኖሮ ሳቁ የሚወድቀው በወጣቱ ላይ ነው፤ ከመስቀያ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ጫማዋን ስታወልቅ ግን ሳቁ ከእሱ ተነሥቶ ወደ እሷ ይዞራል። መቸኮሏን እየደበቀች ነው የምትቸኩለው፤ ድብቁን ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ያየዋል። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ርዝመቱ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ሆነ። ወገቤ ተይዞ ዓርብ ቀን ተኝቼ ዋልኩ።

ሰጠሁት። በሳምንቱ አሥራ ሦስት ይዞ መጣ። ቀይ እስክሪብቶ በሦስት ቦታ አለበት። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ማዘር፣ እንኳን ወደ እኛ ደህና መጡ» አለችኝ።

ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። የመጀመሪያው እርማት ልክ ነው፤ አንድ ሐሳብ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሦስተኛውም ልክ ነው። አሥራ ሦስት እችል ነበር ማለት ይሁን አልችልም ነበር ማለት፣ ያን ለመወሰን ደክሞኝ ነበር። ሁለተኛው እርማት ላይ ግን ቆየሁ። ባልቴቷ የተነሣችው ወጣቱን ስለወደደችው ነው፣ ፍቅር አሳውሯት ነው ይላል።

አይደለም። አጭበርባሪ መሆኑን እንደምታውቅ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ለአገልጋይዋ ነግራታለች። ጫማዋን አውልቃ የሄደችው ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ ንግግሩ ነው። እንዲህ ያለ ንግግር ከሰማች ብዙ ዘመኗ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ እርሳስ ፈለግኩ። መንገዱ ስለተቆፈረ ታክሲው ይዘላል፤ እጄም ድሮ እንደነበረው አይደለም። ከቀዩ ጽሑፍ ሥር የዚያን የመጀመሪያ ትዕይንት ገጽ ቁጥር አስፍሬ፣ «መምህር፣ ይህን ገጽ እንደገና ያንብቡት» ብዬ ጻፍኩ።