ቱቦው እስካሁን ለምን አለ?

ሠላሳ ዓመት ገደማ ቡታጅራ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ኩላሊትን በጠመኔ ስስል ተማሪዎቼ «ቦሎቄ ነው!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ከኩላሊት እስከ ፊኛ፣ ከፊኛ እስከ ውጭ ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ብዬ እንዳላመካኝ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና ዳሌዬ ተሰበረ። ሆስፒታል ገብቼ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ስነቃ ሽንቴ በቀጭን ቱቦ እየወረደ ከአልጋዬ ጎን የተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ለቀዶ ሕክምናው ሲባል የገባ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አላስታወሰውም። ሁለተኛው ቀን አለፈ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተመችቶኝ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ከኮሪደሩ ማዶ ጫፍ ላይ ነው። ከጎኔ የተኛው የመስቃን በርበሬ አምራች እግሩ በጀሶ ታስሮ በክራንች ሲመላለስ እኔ ጋደም ብዬ አየዋለሁ።

«ማሻአላህ መምህር» አለኝ አንድ ቀን እያለከለከ፣ «የተማረ ሰው ሽንቱ እንኳ ብቻውን ይሄድለታል!»

ጠያቂዎቼም ቱቦውን እንደ ሹመት ነው ያዩት። አንዱ ጎንበስ ብሎ ከመረመረው በኋላ «እዚህ ቤት ማንን አውቀህ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ማንንም አላውቅም ነበር። ግን ፈገግ ብዬ የማውቅ አስመሰልኩ።

ታናሽ እህቴ ወልቂጤ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ሱቋን ዘግታ ልታስታምመኝ መጣች። ከረጢቱን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሰው ምን ይላል? አንተን የሚያህል ሰው ሽንቱን እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ ይሰቅላል?»

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከረጢቱን ከተሰቀለበት አንስታ ጎኔ ታስተኛውና ጋቢ ታለብሰዋለች። ሲሞላም ራሷ ትደፋዋለች፤ ምግብ አጉርሳኝ እንደተነሳች፣ በዚያው እጇ። ግድግዳው ላይ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሥሩ ያለው ቧንቧ ውሃ ስለሌለው እህቴ ነጠላዋን ትሰቅልበት ነበር።

ከረጢት ከፊኛ በላይ ከፍ ካለ ሽንት ወደመጣበት እንደሚመለስ አውቃለሁ። እጅ ጀርም እንደሚያመላልስም አውቃለሁ፤ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ነገር ግን ጠያቂዎቹ ከረጢቱን እንዳያዩት እኔም ፈልጌ ነበር። ዝም አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ወዲያው ሰውነቴ ነደደ፤ ከእምብርቴ በታች ይወጋኝ ጀመር። እህቴ አልጋውን ከብበው የነበሩትን ጠያቂዎች አንድ በአንድ በዓይኗ መዘነች።

«የሰው ዓይን ነው» አለች። «ቱቦውን አይተውብህ ነው።»

ያን ዕለት ከእረፍት የተመለሰች ነርስ ሙቀቴን ልትለካ መጣች። ጋቢውን ገለጥ ስታደርግ ከጎኔ የተኛውን ከረጢት አገኘችው። ቀና ብላ ፊቴን አየች፤ እንደገና ከረጢቱን አየች።

«ቲቸር?!» አለች።

ተማሪዬ ነበረች። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምታንቀላፋ የሚመስለኝ፣ ብዙ ጊዜም የተቆጣኋት ልጅ።

ከረጢቱን ከአልጋው በታች ሰቀለችና «ቲቸር፣ ቱቦው እስካሁን ለምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ዶክተሩ ያውቃል ብዬ።»

ወጥታ ዶክተሩን ጠየቀችው። ዶክተሩ ነርሶቹ ያወጡታል ብሎ ነበር። ነርሶቹ ደግሞ ዶክተሩ ያዝዛል ብለው ነበር። ሁላችንም የተማርን ሰዎች ስለሆንን እርስ በርስ በደንብ ተማምነናል።

ይውጣ የሚል ትእዛዝ ይዛ ተመለሰችና ከጀሪካን ውሃ አስቀድታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ጓንት አደረገች። ልታወጣው ስትል እህቴ መሀል ገባች።

«ገና መች ዳነና ነው የምትነቅሉበት?»

«እትዬ፣ ያሳመማቸው እሱ ነው። ሳያስፈልግ በቆየ ቁጥር ጀርም መግቢያ ይሆናል። ከረጢቱ ወደ ላይ ሲነሳ ደግሞ ይብሳል።»

እህቴ ክው አለች። «እኔ ነኛ ያሳመምኩት?» ብላ እንባዋን ዘረገፈችው።

«አንቺ አላወቅሽም» አልኳት። «እኔ አውቅ ነበር።» ከትኩሳቱ ይልቅ ይህን ማለቱ ከበደኝ። ተማሪዬ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ለዚያ ዝምታዋ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ።

ቱቦው ወጣ። ሽንቴ ተመርምሮ ኢንፌክሽን ተገኘበት፤ መድኃኒት በደም ሥሬ ይሰጠኝ ጀመር። በማግስቱ ተደግፌ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። በርበሬ አምራቹ በክራንቹ መንገድ እየመራኝ «አብሽር መምህር፣ ደርሰናል» ይለኛል። እህቴ ቀድማን ወጥታ በኮሪደሩ የሞላውን አስታማሚ ሁሉ «እባካችሁ አሳልፉት፣ ሽንቱ መጥቶ ነው!» እያለች ታስነሳለች።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። አንድ ሳምንት ጨምሬ ተኝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስወጣ ዶክተሩ የዳሌዬን ራጅ ብርሃን ላይ አንስቶ አየና የተጠገነው አጥንት ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ ምንም ችግር እንዳልነበረበት ነገረኝ።