አባቴ ያበዛው ዘይት

እታች ያለው የሞተር ሳይክል ጋራዥ ዛሬም ዘይት አቃጠለ። ሽታው ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ድረስ ወጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ አቃቂ ያለው የአባቴ ግቢ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ።

አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አዲስ የአየር ጠመንጃ ገዝቶ፣ እኔ ጨርቅ እያቀበልኩት ተቀብቶ የመጣውን ግራሶ ወለወለ። ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሲያስጠነቅቀው አብሬው ነበርኩ። «ጋሼ፣ ሞላው ጋ ዘይት እንዳያበዙ። ሲተኮስ ተቃጥሎ እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ይጮኻል» ብሎት ነበር። አባቴ ግን ዘይቱን ዝም ብሎ አንቆረቆረው።

«አባዬ፣ ሰውየው እኮ…»

«ዝም በይ!»

ከጋሽ ወርቁ ጋር በሚያዋስነን አጥር ላይ ጣሳ አስቀምጦ ተኮሰ። ጆሮዬ ደነቆረ፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ጎረቤቱ በሙሉ «ምንድን ነው?» እያለ ወጣ። ሁልጊዜ ከረሜላ የሚሰጠኝ ጋሽ ወርቁ ግን አልወጣም። መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

አባቴ ፈገግ አለ። «ወርቁ ወንድሜን መጥቶ ሲወስደው፣ እኛም እንዲሁ ነበር የዘጋነው» አለ።

አልገባኝም። አጎት እንደነበረኝ እንኳ አላውቅም ነበር። የደርግን ጊዜ፣ ጋሽ ወርቁም ያኔ የቀበሌ ታጣቂ እንደነበረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ዘይት እያፈሰሰ ይተኩስ ጀመር። እናቴ ስትቆጣው «አዲስ ሞላ ነው፣ እስኪለማመድ ነው» ይላት ነበር። ጠመንጃው አርጅቶ እስኪዝግ ድረስ መልሱ ይኸው ነበር።

ሽታው ሲብስብኝ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ።